«ልጄ አፈ ጉባኤ እሆናለሁ ትላለች»፤ ከሚኒሶታ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሴት ልጄ 24 ዓመቷ ነው። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ አድጋ አሁን ሕግ እየተማረች ነው። ባለፈው ሰሞን እራት ላይ ‹ለስቴት ሃውስ እወዳደራለሁ፣ አንድ ቀን እንደ ሜሊሳ ሆርትማን አፈ ጉባኤ እሆናለሁ› አለችን። እኔ የኡበር ሹፌር ነኝ፣ ፖለቲካ አልገባኝም። ይህ ነገር ሥራ ነው? እንጀራ ይወጣዋል? ስንት ዓመት ይፈጃል? አፈ ጉባኤ ደግሞ ስብሰባ ከመምራት ሌላ ምን ይሠራል? እናቷ ከሆርትማን ግድያ ወዲህ ነገሩ እንዲነሳባት አትፈልግም። ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ የስቴት ምክር ቤቶችን ሥራና ረቂቅ ሕግ መከታተል ለብዙ ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። ልጅዎ ስሟን የጠራቻትን ሴትዮ የፖለቲካ ሕይወት ከልብ ከሚያከብሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ የምመልስልዎ በእሷ ታሪክ በኩል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ መሆኑን ይያዙልኝ።

ከእንጀራው ልጀምር። ልጅዎ ስቴት ሃውስ ያለችው የሚኒሶታ የተወካዮች ምክር ቤት 134 አባላት አሉት፣ ሴኔቱ 67። አንድ ተራ አባል ከ2023 አጋማሽ ወዲህ በዓመት 51,750 ዶላር ይከፈለዋል። የአመራር ቦታ ለያዙት ከዚያ ላይ እስከ 40 በመቶ ሊጨመር ይችላል፣ ስብሰባ ሲኖር ውሎ አበልም አለ። ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይቀመጥም። በሁለት ዓመት ውስጥ የተፈቀደለት 120 የሥራ ቀን ብቻ ነው፣ ሜይ ላይም ይበተናል። ስለዚህ አባላቱ ጠበቃ፣ መምህር፣ ገበሬ፣ ነርስ ሆነው ነው የሚኖሩት። ሆርትማንም ጠበቃ ነበረች። ልጅዎ የሕግ ትምህርቷን ትጨርስ የምለው ለዚህ ነው። መተዳደሪያዋ እሱ ይሆናል፣ ምክር ቤቱ በላዩ ላይ የሚጨመር ሸክም ነው።

«ስንት ዓመት» ላሉት ግን ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ወጣቶች ሲሰሙት የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው።

ሜሊሳ ሆርትማን በ1995 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። መጀመሪያ የተወዳደረችው በ1998 ነው፣ ተሸነፈች። በ2002 ደገመች፣ አሁንም ተሸነፈች። በ2004 ለሦስተኛ ጊዜ ቆማ በጥቂት መቶ ድምፅ ብልጫ ገባች። ከዚያ በኋላም ማንም አላጨበጨበላትም። ከተራ አባልነት ተነሥታ የኮሚቴ ሥራ ሠራች፣ ትኩረቷ ኢነርጂ ላይ ነበር። በ2013 የወጣውና ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ መትከል የማይችል ተከራይ ከጋራ የፀሐይ ማመንጫ ድርሻ እንዲገዛ የፈቀደው ሕግ የእሷ የእጅ ሥራ አለበት። በዚያው ዓመት አፈ ጉባኤው በማይኖርበት ጊዜ ወንበሩን እንድትይዝ ተመረጠች። በ2015 ፓርቲዋ አናሳ ሲሆን የአናሳው ምክትል መሪ፣ በ2017 ዋና መሪ ሆነች። በ2018 ምርጫ ፓርቲዋ 18 መቀመጫ ጨምሮ 75 ለ59 አሸነፈና በጃንዋሪ 2019 የአፈ ጉባኤነቱን መዶሻ ያዘች። በስቴቱ ታሪክ ሦስተኛዋ ሴት አፈ ጉባኤ ናት፣ ከዲ ሎንግና ከማርጋሬት አንደርሰን ኬሊሄር ቀጥሎ።

ከመጀመሪያው ሽንፈት እስከ መዶሻው ሃያ ዓመት ነው። ልጅዎ ዛሬ ብትጀምር አርባ አምስት ዓመት ሊሆናት ነው ማለት ነው። ይህን ስነግርዎ ተስፋ ላስቆርጣት አይደለም። በመሀሉ የነበረው ሃያ ዓመት ራሱ ሥራው መሆኑን እንድታውቅ ብዬ ነው።

አሁን ወደ «ምን ይሠራል» ልምጣ። እኛ አገር አፈ ጉባኤ ሲባል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ» እያለ እጅ የሚያስቆጥረው ሰው ነው። አባላቱን በዲሲፕሊን የሚይዘው የመንግሥት ተጠሪው ነው፣ ፓርቲውን የሚመራውም ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካ ስቴቶች እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው አንድ ሰው ላይ ያርፋሉ። የሚኒሶታ አፈ ጉባኤ የአብላጫው ቡድን አለቃ ናት። የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን ትሾማለች፣ ማን በየትኛው ኮሚቴ እንደሚቀመጥ ትወስናለች፣ ረቂቅ ሕግ ወደየትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ የእሷ ቃል ነው። የትኛው ረቂቅ በየትኛው ቀን አዳራሽ እንደሚገባም ከእሷ እጅ አይወጣም። ከአገረ ገዥውና ከሴኔቱ መሪ ጋር በር ዘግታ በጀት የምትደራደረውም እሷ ናት። በምርጫ ሰሞን ደግሞ እጩ ትመለምላለች፣ ገንዘብ ታሰባስባለች፣ አውራ ጎዳና ዳር ባሉ ትንንሽ ከተሞች እየዞረች ለሌላ ሰው በር ታንኳኳለች።

የዚህ ሁሉ እምብርት ድምፅ ቆጠራ ነው። በሚኒሶታ ሕገ መንግሥት አንድ ረቂቅ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ 68 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፣ በዚያ ቀን የተገኘው ሰው ጥቂት ቢሆንም ቁጥሩ አይቀንስም። በ2023 የሆርትማን ፓርቲ፣ ዲኤፍኤል የሚባለው የሚኒሶታው ዴሞክራት፣ 70 መቀመጫ ነበረው፣ ተቃዋሚው 64። በሴኔት 34 ለ33፣ አንድ ሰው ጉንፋን ቢይዘው የሚፈርስ ብልጫ። በዚያ ቁጥር በአምስት ወር ያሳለፉትን ይመልከቱ፦ ለተማሪ ሁሉ በትምህርት ቤት ነፃ ቁርስና ምሳ፣ የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ፣ ደመወዝ የማይቋረጥበት የወሊድና የሕመም ፈቃድ፣ በ2040 ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ከብክለት ነፃ የሚያደርግ ሕግ፣ ከእስር የወጡ ሰዎች የቀረ ቅጣታቸውን በክትትል ሥር ሆነው ሳይጨርሱም እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ። ይህን ያደረገው ንግግር አይደለም። የገጠር ወረዳ የሚወክለው አባል የትኛውን ድምፅ ቢሰጥ በሚቀጥለው ምርጫ እንደሚወድቅ፣ የትኛውን ቢሰጥ እንደሚተርፍ አንድ በአንድ የምታውቅ ሴት ስለነበረች ነው። «አንተ ዛሬ ተቃወም፣ እኔ ሌላ ቦታ አገኛለሁ» ማለት የምትችለው ቆጠራውን ያወቀች መሪ ናት።

የእርስዎን ሥራ እንውሰድ፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ2023 የኡበርና የሊፍት ሾፌሮችን ዝቅተኛ ክፍያ የሚወስን ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ አገረ ገዥው ዋልዝ አልፈርምም ብሎ ቪቶ አደረገው፣ ሥልጣን ከያዘ የመጀመሪያው ቪቶ። ምክር ቤቱ ከሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ ከካፒቶሉ ውጭ የቆሙት ሾፌሮች አብዛኞቹ የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የራሱን ደንብ ሲያወጣ ኩባንያዎቹ «ለቅቀን እንሄዳለን» አሉ። ነገሩ የተፈታው በሜይ 2024 የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሊያልቅ የሰዓታት ዕድሜ ሲቀረው ነው፤ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። ሾፌሮቹ ከጠየቁት በታች ነው፣ ኩባንያዎቹ ሊሰጡ ከፈለጉት በላይ ነው። አመራር ማለት ይህን ቁጥር ማግኘት ነው። የሾፌሮቹ ወኪል ይጮኻል፣ ኩባንያው ያስፈራራል፣ ከንቲባው ይደውላል፣ አገረ ገዥው «ይህን አልፈርምም» ይላል፣ መጨረሻ ላይ 68 ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ የሚጫንበት አንድ ወረቀት ካልመጣ የሁሉም ጩኸት ነፋስ ይወስደዋል።

ያችው ሌሊት ግን መዝገቧ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ነው፣ ልደብቅዎ አልፈልግም። ሜይ 19 እኩለ ሌሊት ላይ ሲቃረብ አብላጫው ከ1,400 ገጽ በላይ የሆነ የተጠቀለለ ረቂቅ አቀረበ። ተቃዋሚዎቹ ለማንበብ ጊዜ አጡ፣ ክርክሩ ተቆረጠ፣ አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ሪፐብሊካኖቹ ንግግር በማራዘም ሰዓት ስለበሉ ነው ይላል የእሷ ወገን፣ እውነትም በልተዋል። ቢሆንም ሕዝብ ያላነበበውን፣ አባላቱም ያላነበቡትን ሕግ ማሳለፍ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ልጅዎ ሆርትማንን ስታደንቅ ይህንንም አብራ ትወቅ። ሰዓትና ቁጥር ጥሩ ሰውን እንዴት እንደሚያስጨንቁ የሚታየው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው።

ለልጅዎ በተለይ እንድትሰማው የምፈልገው ደግሞ በኤፕሪል 2017 የሆነውን ነው። ሆርትማን ያኔ የአናሳው መሪ ነበረች። ምክር ቤቱ አውራ ጎዳና የሚዘጉ ሰልፈኞችን ቅጣት ስለማክበድ ይከራከራል። ተነሥተው ስለ ራሳቸውና ስለ ልጆቻቸው የሚናገሩት ጥቁርና ከሌሎች አናሳ ወገኖች የመጡ ሴት አባላት ናቸው። ብዙ ወንበር ባዶ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ማረፊያ ክፍል ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ሆርትማን ሁሉም አባል ወደ አዳራሹ እንዲገባ የሚያስገድደውን ጥሪ ጠየቀች። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ይዛ የነጭ ወንዶቹን የካርታ ጨዋታ በማቋረጧ እያዘነች መሆኑን፣ ክርክሩ ግን ሊደመጥ የሚገባው መሆኑን ተናገረች። አንድ አባል ተነሥቶ ይቅርታ እንድትጠይቅ ፈለገ። አልጠይቅም አለች፤ እነዚያ ሴቶች ሲናገሩ ችላ ሲባሉ ማየት እንደሰለቻት በግልጽ ተናገረች። ሥልጣን ያልነበራት የአናሳ መሪ ናት ያኔ። የነበራት የምክር ቤቱን ደንብ ማወቅ ብቻ ነው። ደንቡን ጠንቅቃ ባታውቅ ኖሮ እነዚያ ሴቶች ለባዶ ወንበር ተናግረው ይቀመጡ ነበር። ልጅዎ ሕግ ተማሪ ናት፣ የዚህ ዋጋ ይገባታል።

በ2024 ኖቬምበር ምርጫ ምክር ቤቱ 67 ለ67 እኩል ለእኩል ሆነ። ሥልጣን ለመካፈል ተስማምተው እያለ አንድ ዳኛ ከዲኤፍኤል አሸናፊዎች አንዱ በወረዳው አይኖርም ብሎ ፈረደና ቁጥሩ 67 ለ66 ሆነ። (ልጅዎ ይህንን ታስምርበት፤ በሚኒሶታ ለመወዳደር 21 ዓመት የሞላው፣ በስቴቱ አንድ ዓመት፣ በወረዳው ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። ጓዝ ጭኖ መኖሪያ ማስመሰል መቀመጫ ያሳጣል።) ሪፐብሊካኖቹ በዚያች አንድ ሰው ብልጫ አፈ ጉባኤነቱን ለሁለት ዓመት ለመውሰድ ሲነሡ ሆርትማን አባላቶቿን ይዛ ወጣች። ጃንዋሪ 14፣ 2025 አዳራሹ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምልዓተ ጉባኤ 68 ነው ብሎ ወሰነ። ሦስት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ ስምምነት ተደረገ፤ የሪፐብሊካኖቹ መሪ ሊዛ ዴሙት አፈ ጉባኤ ሆነች፣ ኮሚቴዎቹን በኋላ ሁለቱ ወገኖች እኩል ለእኩል እንዲመሯቸው ሆነ። ሆርትማን ስድስት ዓመት የያዘችውን መዶሻ በእጇ አሳልፋ ሰጠች። ወንበሩን ለራሷ ለማቆየት ብላ ስቴቱን ያለ በጀት ልታስቀረው አልፈለገችም።

ዋጋው የመጣው ጁን ላይ ነው። በጀቱን ለመዝጋት ሪፐብሊካኖቹ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች ሚኒሶታኬር ከሚባለው የስቴቱ የጤና መድን እንዲወጡ። መድኑን ለእነዚያ ሰዎች የከፈተው የ2023ቱ የራሷ ምክር ቤት ነው፣ ሥራ ላይ ከዋለ ገና ስድስት ወሩ ነበር። የሕፃናቱን ማትረፍ ቻለች፣ የአዋቂዎቹን አልቻለችም። ካልተስማሙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጁላይ 1 ይዘጋሉ። ስምምነቱ ደግሞ 68 ድምፅ ይፈልጋል፣ ሪፐብሊካኖቹ ያላቸው 67 ነው። አንዷን ድምፅ የሚሰጥ ሰው ከእሷ ወገን መውጣት አለበት።

ጁን 9 በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ 68 ለ65 አሳየ። ከዲኤፍኤል አባላት ስም አጠገብ አረንጓዴ መብራት የበራው በአንድ ስም ብቻ ነው፣ በእሷ። ማንንም አላስገደደችም። በወረዳው የሚኖሩ ስደተኞችን ዓይን ማየት ያለበትን አዲስ አባል «አንተ ስጥ» አላለችም። ቃል የገባችው እሷ ናት፣ የሰጠችውም እሷ ናት። ከድምፁ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቆማ ሰዎች በዚህ እንደሚጎዱ እንደምታውቅ እየተናገረች አለቀሰች። ከስደተኞች ወገን ብዙ ሰው ተቀይሟታል፣ መቀየማቸውም ተገቢ ነው። ከወገኖቻችን መድኑን ያጡ ቤተሰቦች አሉ። እኔ ድምፁን አልወደድኩትም። አመራር ምን እንደሆነ አሳዩኝ ቢባል ግን ያንን ሰሌዳ ነው የማሳየው፤ ከቡድኑ ማንም መሸከም የማይችለውን መሪው ራሱ ሲሸከመው።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁን 14 ሌሊት፣ እንደ ፖሊስ የለበሰ ታጣቂ ብሩክሊን ፓርክ ባለው ቤታቸው እሷንና ባለቤቷን ማርክን ገደለ። 55 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ሻምፕሊን ውስጥ ሴናተር ጆን ሆፍማንንና ባለቤታቸውን አቁስሏል፣ እነሱ ተርፈዋል። የሆርትማኖቹ ውሻ ጊልበርትም ከጥይቱ አልተረፈም። ጊልበርትን ያሳደጉት አካል ጉዳተኛ የሚረዳ ውሻ እንዲሆን ለማሠልጠን ነበር፤ ሰው ሁሉ ላይ እየተለጠፈ ሥልጠናውን ስላላለፈ ቤታቸው አስቀሩት። ጁን 27 የሁለቱ አስከሬንና የጊልበርት አመድ በካፒቶሉ ጉልላት ሥር ተቀምጦ ሕዝብ ተሰናበታቸው። ይህ ክብር ከዚያ በፊት ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም።

ባለቤትዎ ስሙ እንዳይነሳባቸው ቢፈልጉ አልፈርድባቸውም። «አይደርስም» ብዬ ልዋሻቸው አልችልም። የስቴት አባል እንደ ፌዴራል ባለሥልጣን አጃቢ የለውም፣ ስልኩንና ሰፈሩን ሰው ያውቀዋል፣ በዚያ መልኩ ካልኖረ ደግሞ ሥራው አይሠራም። እንዲህ ያለ ጥቃት እስካሁን ብርቅ ነው፣ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። እርስዎ እናትየውን ለማሳመን አይቸኩሉ። ልጅዎ ራሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ትስማቸው፣ ምን እንደሚፈሩ ነጥብ በነጥብ ትጠይቃቸው። ገና ያልተወዳደረች ልጅ የመጀመሪያዋ መራጭ እናቷ ናት፣ ለእሷ የሌላት ትዕግሥት ለወረዳው አይኖራትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራቸው። የሆርትማን መቀመጫ ባዶ አልቀረም። በሴፕቴምበር 2025 በተደረገው ማሟያ ምርጫ ያሸነፈው ኤክስፒ ሊ ነው፤ ወላጆቹ ሞንግ ናቸው፣ የተወለደው ታይላንድ በነበረ የስደተኞች መጠለያ ነው፣ ከዚያ በፊት የብሩክሊን ፓርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። በምክር ቤቱ የፓርቲውን አባላት እንዲመራ የተመረጠው ዛክ ስቲቨንሰን ደግሞ ገና ወጣት ሳለ በእሷ የምርጫ ዘመቻ የሠራ ሰው ነው። ልጅዎም ልትይዘው የምትችለው መንገድ ይኸው ነው። አንደኛው በከተማ ምክር ቤት ጀመረ፣ ሌላው ለሌላ ሰው በር በማንኳኳት።

አሁን ምን ታድርግ? በዚህ ዓመት ለማንኛውም ወንበር አትወዳደር። በወረዳዋ ያለ አንድ እጩ ትምረጥና አንድ ሙሉ በጋ በር ታንኳኳ፤ የሰው ውሻ ይጩህባት፣ በር ይዘጋባት፣ አማርኛ የሚናገሩ እናቶች ቡና ካልጠጣሽ ብለው ያቆዩዋት። በየሁለት ዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ፕሪሲንክት ኮከስ የሚባል የሰፈር የፓርቲ ስብሰባ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ጥቂት ደርዘን ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ይካሄዳል። የፓርቲው ድጋፍ ለማን እንደሚሄድ የሚወስኑት ተወካዮች የሚመረጡት እዚያ ነው። የእኛ ሰው አይሄድም፣ ስለዚህ ተቀምጦ የተገኘ ሰው በቀላሉ ተወካይ ሆኖ ይወጣል። እርስዎም ዜጋ ከሆኑ አብረዋት ይሂዱ፤ ስለ ኡበሩ ክፍያ የሚያውቁትን ያህል በዚያ ክፍል የሚያውቅ አይኖርም።

ጉባኤው በሚቀመጥበት ወቅት ደግሞ አንድ ሰኞ ሥራ ያርፉና ካፒቶሉ ወዳለበት ሴንት ፖል ይዘዋት ይሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው፣ የሕዝቡ መቀመጫ ፎቅ ላይ ነው። ሰሌዳውን እያየች የአንድን ረቂቅ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በወረቀት ትገምት፤ ማን አረንጓዴ፣ ማን ቀይ። ከዚያ ታመሳክረው። ስንቱን እንደሳተች ሲያዩ አይሳቁባት፣ በሚቀጥለው ሰኞ መልሰው ይውሰዷት።